የጉማራን ውሃ በቤታችን ስለ ማጣራት

(በማኅበራችን የእሑድ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ ተጽፎ ተለጥፏል።)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ስለ ውሃ ነው። «ወንዛዬ ተቀምጦ ስለ ውሃ ማውራት ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ውሃ አልጠፋንም። ፍል ውሃው ከምድር ይፈልቃል፤ ጉማራ ከጉና ተራሮች ተነሥቶ በአጠገባችን ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከየተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ከልክ በላይ ነው። የጠፋን ውሃ ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉማራ የሚያመጣውን ቀለም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በባልዲ ቀድታችሁ ብታሳድሩት ከታች የሚቀረው ጭቃ ግድግዳ ይመርጋል።

ባለፈው ይህን ነገር ሳነሣ አንዲት እናታችን «ልጄ፣ እኛ ይኼንኑ ጠጥተን አድገን የለም እንዴ?» አሉኝ። አባባላቸው ትክክል ነው፣ እኛ አድገናል። ነገር ግን እማማ፣ የምንቆጥረው ያደግነውን ብቻ ነው። በተቅማጥ በሁለትና በሦስት ዓመታቸው የተቀጩት እኅትና ወንድሞቻችን ዛሬ እዚህ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለው «እኛ ግን አላደግንም» ሊሉን አይችሉም።

ይህ አገር ደግሞ በውሃ የሚመጣን በሽታ ከጥንት ያውቀዋል። በ1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር፣ ቆራጣ ላይ ሰፍረው ሳለ ሠራዊታቸውን ኮሌራ ስለ መታው ሠፈሩን ነቅለው ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ለመውጣት ተገደዋል። ቆራጣ ደግሞ ከኛ ሩቅ አይደለም፣ የጎረቤት አገር ነው። «ይህማ የድሮ ታሪክ ነው» እንዳንል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ከየአገሩ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ መነሣቱን ሰምተናል። ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና መጸዳጃ ሲያንስ የሚሆነው ይኸው ነው። እኛም ለፍል ውሃው ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ የምንቀበል መንደር ነን። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተናል። ስለ ጸበል የምናገረው የለኝም፤ እኔ የማወራው በእንስራና በጀሪካን ስለምናስቀምጠው የመጠጥ ውሃ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልግባ።

የማቀርብላችሁ የአሸዋ ማጣሪያ ነው። አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ1892 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የሐምቡርግ ከተማ ከኤልበ ወንዝ ያልተጣራ ውሃ ለሕዝቡ ታድል ነበር። ግንብ ለግንብ የምትዋሰናት አልቶና ደግሞ ከዚያው ወንዝ ቀድታ በአሸዋ ታጣራ ነበር። በዚያ ዓመት ኮሌራ ሲገባ በሐምቡርግ ከ8 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። አልቶና ግን የደረሰባት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነበር። ወንዙ አንድ፣ አየሩ አንድ፤ ልዩነቱ አሸዋ ነበር። ያንን የከተማ ማጣሪያ ለአንድ ቤተ ሰብ እንዲሆን አሳንሶ የሠራው ዴቪድ ማንዝ የሚባል በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ነው። በአገራችንም የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል በየገጠሩ አሰራጭቶታል።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በውጭ አገር በቤታቸው የባሕር ዓሣ በመስታወት ሣጥን የሚያረቡ ሰዎች አሉ። ሣጥኑ ውስጥ ውሃው ጨዋማ ነው፤ ዓሣው ይበላል፣ ያቆሽሻል፤ ውሃው ካልተጣራ በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። ስለዚህ ከሣጥኑ ሥር ሌላ ሣጥን ይጨምራሉ፤ «ሳምፕ» ይሉታል። የላይኛው ውሃ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ በስፖንጅና በድንጋይ መካከል ያልፋል፣ ከዚያ በሞተር ወደ ላይ ይመለሳል። ቆሻሻውን የሚያጠፋው ግን ስፖንጁ ብቻ አይደለም። በድንጋዩ ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው መርዙን እየበሉ የሚለውጡት።

የኛም ማጣሪያ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ። አሸዋው ጭቃውን ይይዛል፤ ከአሸዋው አናት ላይ ግን ቀስ በቀስ ስስ ሽፋን ይበቅላል፤ በዚያ ሽፋን የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ጀርሞቹን ይበሏቸዋል። ይህ ሽፋን እስኪደርስ እስከ 30 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ተክሎ ነገ ጤና መጠበቅ የለም።

ማጣሪያው ሦስት ዕቃ ነው።

አንደኛው ማሳደሪያ ነው። ክዳን ያለው በርሜል ከፍ ባለ መደብ ላይ ይቀመጥና መክፈቻው ከበርሜሉ ታች ሳይሆን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይገጠምለታል። ደለሉ ከታች ይተኛል፣ የጠራው ከላይ ይቀዳል። መጥራቱን እንዴት እናውቃለን? ባለ 2 ሊትር ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉና ደማቅ ጽሕፈት ባለበት ወረቀት ላይ አቁሙት። በጠርሙሱ አፍ ወደ ታች ስታዩ ፊደሉ ከተነበበ ውሃው ለማጣሪያው ይሆናል። ካልተነበበ አንድ ሌሊት ይጨመርለት። የፊደል ትምህርቱ እግረ መንገዱን ለልጆች ይጠቅማል!

ሁለተኛው ዋናው ማጣሪያ ነው። ከሲሚንቶ የሚሠራ፣ ቁመቱ ወደ 95 ሳንቲ ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ በየጎኑ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ነው። ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ወፈር ያለ ጠጠር፣ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያ 55 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ። አሸዋው በ0.7 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ ይሁን። ከሣጥኑ ግርጌ የሚነሣው የውሃ መውጫ ቱቦ በግድግዳው ሽቅብ ይወጣና ጫፉ ከአሸዋው በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይታጠፋል። በዚህ ምክንያት ውሃ ማፍሰስ ስናቆም ምንጊዜም 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከአሸዋው በላይ ይቀራል። ይህ ልኬት ለይስሙላ አይደለም። ውሃው ከዚህ ከበዛ ከታች ላሉት ሕያዋን አየር አይደርሳቸውም፤ ካነሰ ደግሞ በሙቀት ተኖ ይደርቅባቸዋል። ከአሸዋው በላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ይቀመጣል፤ ውሃ ስናፈስ አሸዋውን እንዳይቆፍረው።

አሸዋ ሲጨመር ሣጥኑ ውስጥ አስቀድሞ ውሃ ይኑር፤ ደረቅ ላይ ከተጨመረ አየር ይታሰርበታል። ውሃ መውጣት ከጀመረ በኋላ ፍጥነቱን ለኩ። ማጣሪያው ሙሉ ሆኖ አንድ ሊትር ለመቅዳት ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ተኩል መፍጀት አለበት። ከዚያ ከፈጠነ አሸዋው ሸካራ ነው ማለት ነው፤ ይለወጥ። «ቶሎ ይወርዳል፣ ጎበዝ ነው» ብላችሁ እንዳትደሰቱ።

ስለ አሸዋ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። አሸዋውን ከጉማራ ወንዝ እንዳታወጡ። አንደኛ፣ የወንዝ አሸዋ ቆሻሻና ጀርም የተሸከመ ነው፤ ከድንጋይ ካባ የሚወጣ የተፈጨ አሸዋ ይሻላል። ሁለተኛ፣ በክረምት የጣና ትልልቅ ባርቦ ዓሦች ሽቅብ ወጥተው የሚራቡት በጉማራና በገባሮቹ ጠጠራማ ቦታ ነው። የኛን ውሃ ለማጥራት የነሱን ቤት ማፍረስ ነውር ነው።

ሦስተኛው የታችኛው ዕቃ ነው። የተጣራው ውሃ የሚጠራቀምበት፣ ክዳንና መክፈቻ ያለው፣ እጅና ጣሳ የማይገባበት ዕቃ። ስንቱ ነው የተጣራውን ውሃ በቆሸሸ ጣሳ የሚያበላሸው! ባለ ዓሦቹ መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆምና የላይኛው ውሃ ግን መውረዱን አያቆምም፤ የታችኛው ሣጥን ባዶ ቦታ ካልተተወለት ወለሉን ያጥለቀልቀዋል። የኛም እንዲሁ ነው። የማጣሪያው ጫፍ አይዘጋም። ከላይ 12 ሊትር ካፈሰሳችሁ ከታች 12 ሊትር የሚይዝ ባዶ ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።

«ጫፉን ብንዘጋውስ?» የምትሉ ካላችሁ የራሴን ጥፋት ልናገር። መጀመሪያ ቤቴ ያቆምኩት ማጣሪያ ጫፉ ክፍት መሆኑ ብክነት መስሎ ታየኝና መክፈቻ ገጠምኩበት። ሞልቼ ዘጋሁና ለጉዳይ ደብረ ታቦር ሄጄ ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ውሃው ሸተተ። ያ ሁሉ ሕያው ታፍኖ ሞቷል። እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም፤ ሽታው ሲቀንስ «ተጣርቷል» ብዬ ለቤተ ሰቡ አጠጣሁ፤ ትንሿ ልጄ ታመመች። ምን ልበላችሁ፣ ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። እግዜር ይመስገን ዳነች። ስለዚህ ጫፉ ላይ መክፈቻም ሆነ ጎማ አይገጠም፤ ጎማ ከተገጠመ ውሃውን መጥጦ አሸዋውን ያደርቀዋል። ማጣሪያው በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፣ ቢበዛ ከሁለት ቀን በላይ ያለ ውሃ አይሰንብት። አንድ ጊዜ ካጣራ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። እንደ ላም ቁጠሩት፤ ይመገባል፣ ያርፋል፣ ይሰጣል።

ሲቆሽሽ ውሃው መውረድ ይዘገያል። ያን ጊዜ አሸዋውን አውጥቶ ማጠብ የለም፣ ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። ከላይ ውሃ ጨምሮ የአሸዋውን አናት ብቻ በንጹሕ እጅ በቀስታ ማማሰልና የደፈረሰውን ውሃ ቀድቶ መድፋት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ እስኪያገግም ጥቂት ቀን ይፈልጋል። ክሎሪን ወይም በረኪና በማጣሪያው ውስጥ በፍጹም አይጨመር፤ ጀርሙን ሳይሆን ጠባቂዎቹን ይገድላል።

አሁን ደግሞ የማይሠራውን ልንገራችሁ፣ አሞግሼ ብቻ ብተው ማታለል ነው። ማጣሪያው አብዛኛውን ጀርም ይቀንሳል እንጂ ሁሉን አያጠፋም። ስለዚህ ከታችኛው ዕቃ ውስጥ እንደ ውሃ አጋር ያለውን መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የተጣራ ውሃ መድኃኒቱን በሚገባ ይቀበላል፤ ድፍርስ ውሃ ግን መድኃኒቱን ይበላዋል። ለሕፃንና ለበሽተኛ ማፍላትም አለ። እንዲሁም በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር፣ የፍል ውሃውን ጨው ጨምሮ፣ በአሸዋ አይያዝም። የተባይና የአረም መድኃኒት የተያዘበትን በርሜልም ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ እንዳታውሉት።

ውድ አባላት፤ ሣጥኑን ለመሥራት ቅርጽ ያስፈልጋል። የብረት ቅርጹን አንድ ሰው ብቻውን ቢያሠራ ይከብደዋል፤ ማኅበራችን አንድ ጊዜ በያጅ ቢያሠራው ግን ለመንደሩ ሁሉ በተራ ያገለግላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በአምስት ቤት እንትከል፤ ቅድሚያው ከአምስት ዓመት በታች ልጆች ላሏቸው ይሁን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከኛ ጋር ሆና ትከታተል፤ ሁለት ክረምት አይተን እንቀጥል። ወጣቶች አሸዋ በማንፋትና በማጠብ ይርዱ። ውሃ የሚቀዱትና የሚያስተዳድሩት እናቶችና እኅቶች ስለሆኑ የአጠባበቁ ትምህርት መጀመሪያ ለነሱ ይሰጥ፤ አባወራዎችም «የሴት ሥራ ነው» ብለን አንሽሽ። ማጣሪያውን ያበላሸሁት እኔ አባወራው ነበርኩ።

ጉማራ ዘንድሮም ይደፈርሳል፣ ለከርሞም ይደፈርሳል፤ እሱን ማስቆም አንችልም። ከበራችን ሲገባ ግን ምን ሆኖ እንደሚገባ መወሰን በእጃችን ነው። የሚመዘገብ ሰው ከስብሰባው በኋላ ከማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይመዝገብ። ቤቴ ያለውን ማጣሪያ ማየት የሚፈልግም ይምጣ፤ አሁን ጫፉ ክፍት ነው፣ ውሃውም ይጠጣል።