ሰሚ በሌለበት የሚነገር ስህተት፦ የዲመን ፕሮግራሞች መዝገብና የሰዓት አቆጣጠራችን



ከየካ ክፍለ ከተማ ቀና ሲሉ በሚታየው የእንጦጦ ሰንሰለት ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የጠፈር ምርምር ማዕከል ይገኛል። መስታወታቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉት እዚያ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን የኢቲአርኤስኤስ-1 የምድር ጣቢያም የተሠራው እዚያው ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ሌሊቱን የሚተጉት በአብዛኛው ሰው የማያያቸው፣ ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። በዩኒክስ ባህል ዲመን ይባላሉ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጡት የኤምአይቲ ባለሙያዎች ያሰቡት በፊዚክስ የሚታወቀውን የማክስዌልን ዲመን ነው፤ በእኛ ቋንቋ ከጋኔን ይልቅ ውቃቢ የሚቀርበው ይመስለኛል።

ዲመን ሥራውን ሲጀምር ከተርሚናል ይለያል። በስህተት መውጫው የሚጽፈው ሁሉ ባክኖ ይቀራል፤ ቢጮኽም ሰሚ የለውም። ኤሪክ አልማን በ1980ዎቹ በበርክሌይ ሲስሎግን የሠራው ለዚህ ነው፦ ዲመኑ መልእክቱን ለአንድ መዝጋቢ ያስረክባል፤ ክብደቱም ከ0 እስከ 7 ባሉ ደረጃዎች ይገለጻል። ስልቱ ቀላል ስለሆነ አልዘገይበትም።

የሚከብደው መልእክቱ ነው። ተማሪዎቻችን «አልተገኘም» ብለው ይጽፋሉ። የአማርኛ ተገብሮ ግስ አድራጊውን መሸሸግ ያውቅበታል፤ ለጨዋነት ይመቻል፣ ለስህተት መዝገብ ግን አይበጅም። ማን ፈለገ? ምን ፈለገ? ምን ምክንያት ተሰጠው? ከዚያስ ቆመ ወይስ እንደገና ሞከረ? «የሙቀት መለኪያውን ለማንበብ ሞክሬ ፈቃድ ተከለከልኩ፤ ከ30 ሰከንድ በኋላ እንደገና እሞክራለሁ» የሚለውን ግን ሌሊቱን ያልነበረ ባለሙያ ጠዋት አንብቦ ይረዳዋል።

ሌላው ጣጣ ሰዓት ነው፤ በአገራችን ደግሞ ይብሳል። ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ስትመጥቅ በቤጂንግ 11፡22 ነበር። በዩቲሲ 3፡22፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 6፡22፣ በእኛ አቆጣጠር ንጋት 12፡22። አንድ ቅጽበት፣ አራት ቁጥር። መዝገቡ «3፡22» ብቻ ቢል፣ ረፋድ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ብሎ ያነበበው ሰው በሦስት ሰዓት ይስታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በዝቅተኛ ምሕዋር ያለች ሳተላይት ምድርን ሁለት ጊዜ ዞራ ልትጨርስ ጥቂት ነው የሚቀራት። በአርኤፍሲ 3164 የሰፈረው የቀድሞው የሲስሎግ ቅርጽ ዓመቱንም የሰዓት ቀጠናውንም አይጽፍም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አርኤፍሲ 5424 ነው ሁለቱን ያካተተው።

የእኔ አቋም መዝገቡ በዩቲሲ ይጻፍ፣ ወደ ኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት መቀየር የማሳያው ሥራ ይሁን የሚል ነው። ይህን አቆጣጠራችንን እንደ መናቅ የሚቆጥሩት አሉ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የጁሊያን ቀንን ከእኩለ ቀን ይጀምራሉ፤ የአንድ ሌሊት ምልከታ በሁለት ቀን እንዳይከፈል አመችቷቸዋል። በአገራቸው አቆጣጠር ላይ ያመጣው ጉዳት የለም።

ዩቲሲም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ የሰዓት ባትሪው ያለቀበት ማሽን ከእ.ኤ.አ. 1970 ሊቆጥር ይችላል። ሰዓቱን ከኔትወርክ እስኪያስተካክል የሚጽፋቸው መልእክቶች ከሁሉ የቀደሙ ይመስላሉ፤ በሰዓት ስንደረድራቸው መዘዙ ከምክንያቱ ይቀድማል። ስለዚህ ማሽኑ ለስንተኛ ጊዜ እንደተነሣና ከተነሣ ስንት ሰከንድ እንደሆነው ከሰዓቱ ጎን ይጻፍ። በቤተ ሙከራ የምትሠሩት ዲመንም ሁለቱን እንዲጽፍ እጠብቃለሁ።