አበበን እናውቃለን፤ ገረመውንስ?

(ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

ጊዜያችሁን አልሻማም። አንድ የሚያሳፍር ነገር ከራሴ ልጀምር።

ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የታክሲ ብር ለመቆጠብ ብዬ ከጓደኛዬ በተዋስኩት አሮጌ ሳይክል ነው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ የምዞረው። አንድ ቀን ጎማዬ ተንፍሶ ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ካላማዳሪያውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ቀዳዳውን የሚፈልጉት ሽማግሌ ቀና አሉና፣ «ለመሆኑ ገረመው ደንቦባን ታውቀዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቀውም ጋሼ፤ ዘፋኝ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን ቤቴ ስገባ አልሳቅሁም። ዲግሪ አለኝ እኮ! የአውሮፓ ክለቦችን ተጠባባቂ በረኞች ሳይቀር በስም እጠራለሁ። ከገዛ ሀገሬ የመጀመሪያ ኦሎምፒያኖች አንዱን ግን ዘፋኝ አደረግሁት።

እና ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ሜልቦርን ላይ ነው። እኛ ኦሎምፒክ ሲባል ሩጫ ብቻ ነው የሚታየን። በዚያ ጉዞ ግን ባንዲራችን የተውለበለበው በሁለት ስፖርት ነበር፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት አራት ብስክሌተኞች ሜልቦርን ላይ ፔዳል ረግጠዋል። ስማቸውን አብራችሁኝ በሉ፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋይ፣ ፀሐዬ ባህታ፣ ንጉሤ መንግሥቱ። ገረመው ከአራት ዓመት በኋላ ሮምም ላይ ተወዳድሯል፤ ያ አበበ ዓለምን ያስደነቀበት ኦሎምፒክ ማለት ነው።

ውድድሩ ወደ 188 ኪሎ ሜትር ነበር። ከአምስት ሰዓት በላይ ኮርቻ ላይ! ያሸነፈው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። የኛዎቹ አላሸነፉም፤ አሸነፉ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን እስኪ አስቡት። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ልክ በሃያ ዓመቱ የኢትዮጵያ ልጆች ከጣሊያን ልጆች ጋር አንድ መነሻ መስመር ላይ፣ እኩል ቆሙ። ለኔ ይሄ ከሜዳሊያ አያንስም።

ሌላም ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የቡድን ውጤት የሚሰላው ቀድመው በገቡት ሦስት ልጆች ደረጃ ድምር ነበር። አንዱ ጀግና ሆኖ ሁለቱ መንገድ ላይ ቢቀሩ ቡድን የለም። ሳይክል የነዳ ሰው ይሄን ያውቀዋል፦ ከፊት ያለው ንፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላ ያለው ያርፋል፣ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ሁልጊዜ ፊት ልሁን የሚል ይደክማል። ሁልጊዜ ኋላ የሚደበቅ ደግሞ በጓደኞቹ ዘንድ ይናቃል።

አሁን ወደሚያከራክረው ልግባ። «ሳይክል የማን ነው?» እያልን የምንሰዳደብ አለን። እውነቱን እንናገር። በአካባቢያችን የብስክሌት ውድድር እናቱ አስመራ ናት። በቅኝ ግዛት ዘመን ጣሊያኖች የአገሬውን ልጅ ከክለባቸው አግልለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ግን ያሸነፈው ገብረማርያም ገብሩ የሚባል የአገሬው ልጅ ነው። በ1946 የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ። የሜልቦርኑ ቡድን በሄደበት ዘመን ደግሞ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ነበረች።

ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ቱሪን ከተማ ላይ፣ እዚያው ጣሊያን ውስጥ፣ አንደኛ ሲገባ እኔም ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። በዚያው ዓመት አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። ድሉ የኤርትራ ነው፤ የኛ ነው ብዬ አልሻማውም። የሰው ድል መቀማት የኩራት ምልክት አይደለም። የራስን ሰው መርሳት ግን ውርደት ነው። የራሳችንማ አለን እኮ! የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን በዚያ ቀን ስሙን የጠራን?

ደግሞ ሳይክል ለኛ የቴሌቪዥን ነገር ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ያደገ ያውቀዋል። ድሬዳዋ ያደገም ያውቀዋል። ሳንቲም አዋጥተን በደቂቃ ሒሳብ የተከራየናት፣ ፍሬን የሌላት፣ በጫማችን እየፈተግን ያቆምናት ሳይክል! አንዱ ይነዳል፣ አራቱ ከኋላ እየሮጡ «ደረሰ! ደቂቃህ አለቀ!» ይላሉ። ጉልበቱ ላይ የዚያ ጠባሳ የሌለበት ማን አለ? ዛሬ ባጃጁ መንገዱን ሞላው፣ አከራዮቹም ቀነሱ። ልጁም ስልክ ላይ ተቀመጠ፤ እኔንም ጨምሮ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ገንዘብ አልጠይቅም፤ እኔም የለኝም። በየከተማችሁ ድሮ የተወዳደሩ አባቶች አሉ። አንዳንዶቹ ጎሚስታ ቤት፣ አንዳንዶቹ ጡረታ ላይ፣ አንዳንዶቹ አልጋ ላይ ናቸው። ሂዱና አጠገባቸው ቁጭ በሉ። «አባባ፣ እንዴት ነበር?» በሉ። ስማቸውን፣ የተወዳደሩበትን ዓመት፣ የነዱበትን መንገድ ጻፉ። ያረጀ ማልያ ካላቸው ፎቶ አንሡት። ሥራ የሌለን ልጆች አንድ የተረፈን ነገር ጊዜ ነው፤ በሱ እንኳ እንሥራበት። እነሱ ሲያልፉ የሐዘን ጽሑፍ ለመለጠፍ ከምንሽቀዳደም፣ በሕይወት እያሉ አንድ ሻይ እንጋብዛቸው።

እኔ በማግስቱ ወደ ጎሚስታው ተመለስኩ። አራቱን ስሞች በቃሌ ቆጠርኩላቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው አዩኝና፣ «ጎማህ ደህና ነው?» አሉኝ። «ደህና ነው ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ቁጭ በል፣ ገና አልጨረስኩልህም» አሉ።

ደብተር ይዤ ቁጭ አልኩ። እናንተም ያዙ።