አንድ ምንጭ ለብዙ መሣሪያ
(ለአማተር ሬዲዮ ጀማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)



በሬዲዮ ወርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ ሬዲዮው አለ፣ የድግግሞሽ መቁጠሪያው አለ፣ የሲግናል ማመንጫው አለ። እያንዳንዱ በውስጡ የራሱ ክሪስታል ስላለው ሁሉም በየራሱ ሰዓት ይሄዳል። ስሕተቱ ከሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ በ10 ጊጋኸርዝ ላይ 10 ኪሎኸርዝ ይሆናል። ያን ጊዜ ወዳጃችሁ እዚህ እየጠራችሁ እናንተ እዚያ ትፈልጉታላችሁ።

መፍትሔው ምንድን ነው? በጂፒኤስ ሳተላይት እየተስተካከለ የሚሠራ አንድ የ10 ሜጋኸርዝ ምንጭ ለሁሉም ማካፈል ነው። ታዲያ ኬብሉን ዝም ብለን ብንቀጣጥለውስ? አይሆንም። ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ኃይል ቢበዛ ግማሽ ነው፤ አንዱ ኬብል ሾርት ካደረገ ደግሞ ሁሉም ሲግናል ያጣል።

ስለዚህ ማከፋፈያ አምፕሊፋየር እንሠራለን። ለእያንዳንዱ መውጫ የራሱን ትንሽ አምፕሊፋየር እንሰጠዋለን፤ መውጫውንም በሬዚስተር 50 ኦም እናደርገዋለን። ፓወር ሰፕላዩ ንጹሕ ይሁን፤ የእሱ ጫጫታ ለሁሉም ይዳረሳልና። ስትጨርሱ አንዱን መውጫ ሾርት አድርጉና የሌላውን ሲግናል በኦሲሎስኮፕ እዩ። ካልተነቃነቀ ጎበዝ፣ በደንብ ሠርታችኋል!

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ልብሳቸው ብየዳ ብየዳ እየሸተተ ቢመጡ አትደንግጡ። እዚህ ሥራ ላይ ሳይለካ «ልክ ነው» አይባልም፤ ይህን የለመደ ልጅ በትምህርቱም በሥራውም ይጠቀምበታል።