መንገዱ ሲዘጋ አቤት የሚባለው የት ነው?

አቅራቢ፦ አዲስ አበባ ውስጥ መሳለሚያ እህል በረንዳ ኩንታል ለተሸከመ ሰው፣ መንገድ ሲዘጋ «በዚያ በኩል ዙር» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። መቶ ኪሎ ጫንቃው ላይ ነውና።

አዲስ አበባ የመንገድ መዘጋትን በቀላል ባቡሩ አይታዋለች። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች ግራና ቀኙ ታጠረ፤ መሻገሪያውም ተራራቀ። ዕድሩ ወዲያ ማዶ ለሆነ ሰው፣ ለቅሶ መድረስም ዙሪያ ጥምጥም ሆነ።

የእንግሊዟ ኦክስፎርድ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በ1934 እ.ኤ.አ. አንድ ቤት ሻጭ ኩባንያ ደንበኞቹን ከማዘጋጃ ቤት ተከራዮች ለመለየት መንገድ ላይ ግንብ ገነባ፤ ጫፉ ላይም ሾጣጣ ብረት ተከለ! የከትስሎው ግንብ ይባላል። በማግስቱ ዓመት ነዋሪዎች ሊያፈርሱት ወጡ፤ ፖሊስ ከለከላቸው። በ1938 ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ አፈረሰው፤ ኩባንያው መልሶ ሠራው። ለዘለቄታው የፈረሰው በ1959 ነው።

እኛስ ዘንድ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አቤቱታውን ለወረዳ፣ ለክፍለ ከተማና ለመንገዶች ባለሥልጣን ማቅረብ ይቻላል፤ በአስተዳደር በደል ደግሞ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በእኔ ግምት የፊርማ ብዛት ብቻውን አያሳምንም። ተማሪው በየት ይሻገራል? አምቡላንስ በየት ይገባል? እነዚህን በዝርዝር ጻፉ፤ የመንገዱ ዲዛይን ከመጽደቁ በፊትም አስገቡ። «የእግረኛ ድልድይ እንሠራላችኋለን» ከተባለ ደግሞ፣ ደረጃ ብቻ ነው ወይስ ለተሽከርካሪ ወንበርም መወጣጫ አለው ብላችሁ ጠይቁ።