ከጎብዬ እስከ ጄኔቭ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎብዬ የምትባል ከተማ አለች። እኛ የዚያ አገር ልጆች ስለ ዓለም አቀፍ ዲፕሎማሲ በተነጋገርን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብናል። ይኸውም፥ ጄኔቭ ላይ እጃቸውን የሚያወጡ መንግሥታት ለጎብዬ ገበሬ ምን ይፈይዱለታል? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እናስታውስ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ራያ ቆላ ደረሰ። ጳጉሜን 4 ቀን፥ ለዐዲስ ዓመት ሁለት ቀን ሲቀረው፥ የትግራይ ኃይሎች ቆቦ ውስጥ 23 ሰዎችን ያለ ፍርድ መግደላቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት ገልጿል። የትግራይም ሰላማዊ ሕዝብ በፌዴራልና በኤርትራ ወታደሮች እጅ ብዙ ግፍ ተቀብሏል። የቆቦ እናት ኀዘንና የአክሱም እናት ኀዘን ሚዛኑ አንድ ነው።

ታኅሣሥ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በልዩ ጉባኤ ተሰብስቦ፥ በ21 ድጋፍ፥ በ15 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ፥ ሦስት ሊቃውንት ያሉበት መርማሪ ኮሚሲዮን አቋቋመ። መንግሥታችን ውሳኔውን ተቃወመ፤ መርማሪዎቹም ከአዲስ አበባ ወጥተው እንዲመረምሩ አልተፈቀደላቸውም። ይህም ሆኖ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ባቀረቡት ሪፖርት የቆቦን ግድያ ጻፉ፤ የመንግሥትንም ወገን የትግራይንም ወገን በየሥራቸው ወቀሱ። ጥቅምት 23 ቀን በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ የሽግግር ፍትሕ እንዲኖርም በጽሑፍ ተወሰነ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በገዛ ክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የኮሚሲዮኑ ዘመን እንዲራዘም ሐሳብ ያቀረበ አንድም መንግሥት ስላልተገኘ፥ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ምርመራው ተዘጋ።

አባቶቻችን አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዐት ነበራቸው። ወንጀል ሲፈጸም የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅም ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። የጄኔቭ ምርመራ የጎደለው ይኸው ነው፤ ጠያቂዎቹ ተሰየሙ፥ አገሬው ግን አልተሰበሰበም።

«የውጭ ሰው በአገራችን ጉዳይ ምን አገባው?» የሚሉ ወንድሞች አሉን። አሳባቸውን አንንቅም፤ ኃያላን መንግሥታት ሰብአዊ መብትን በጠላት ላይ የሚያነሡበት፥ ለወዳጅ ሲሆን ዝም የሚሉበት ጊዜ ብዙ ነውና። ነገር ግን ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዙ ጋዝ ሲናገሩ፥ በደላችን ዓለምን ያገባዋል ማለታቸው ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ ሕዝብ ደቡብ አፍሪቃን በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ስትከስ፥ የሌላው በደል እኛንም ያገባናል ማለቷ ነበር። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅም ክሱ ወደቀ። ሆኖም በክርክሩ የተጻፈው ቃል አልወደቀም። በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ጠቅላላው ጉባኤ የደቡብ አፍሪቃን የሞግዚትነት ሥልጣን ሻረ፤ ያች አገርም ናሚቢያ ተብላ በ1982 ዓ.ም. ነጻ ወጣች።

ከዚህ የምንማረው፥ አቤቱታ በዕለቱ ቢረታም የተጻፈ ምስክር ካለው ቀኑን እንደሚጠብቅ ነው። ያልተጻፈ በደል ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን፤ የተወጋውም ግን ያረጃል፥ ይሞታል።

እንግዲህ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ይህ ፖሊሲ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር፥ ሕግና ታሪክ የምንማር ሁሉ የተበዳዩን ቃል በፈቃዱ እንጻፍ፤ ጉዳት እንዳያገኘውም ስሙን እንሰውር፤ የገዛ ወገናችን ያደረገውንም አናስቀር። መርማሪም ከውጭ ይምጣ ከውስጥ፥ መንግሥት እስከ ቆቦና እስከ አክሱም መንገዱን እንዲከፍትለት እንጠይቅ። ጄኔቭ ለጎብዬ ምን ይፈይዳል? ላለንም መልሳችን፥ ከጎብዬ ተጽፎ የደረሰውን ቃል ያህል ነው የሚል ይሁን።