የእሽቅድምድም ሜዳና ኢንሹራንስ

ጀርመን የሚኖር አንድ ወንድማችን ጥያቄ ልኮልናል። በቁጠባው የስፖርት መኪና ገዝቷል፤ ኑርቡርግሪንግ በሚባለው፣ 20.8 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የእሽቅድምድም መንገድ ላይ ሊነዳት አስቧል። «የአንድ ቀን ኢንሹራንስ ልግዛ ወይስ በአላህ ልመካ?» ይላል።

በአላህ መመካት ጥንቃቄን መተው አይደለም። ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) ባለ ግመሉን ሰው አስቀድሞ ግመሉን እንዲያስር ነው ያዘዙት። ገመዱ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ የንግድ ኢንሹራንስን ከባድ ገረር፣ ማለትም ውጤቱ ያልታወቀ ግብይት፣ ስላለበት ሐራም ብሎታል፤ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ጉዳይ ሌላ ነው፤ የአንድ ቀኑን ግን ማንም አላስገደደውም።

በዚያ መንገድ የብረት አጥር የገጨ ሰው ማሠሪያውን ይጠየቃል። ብዙ የተለመዱ ውሎችም እዚያ በገዛ መኪናው ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም። እንግዲህ ወንድማችን ቁጭ ብሎ ያስላ፤ መኪናዋ ብትሰባበር፣ የአጥሩም ሂሳብ ቢመጣ፣ ሳይበደርና የቤቱን ቀለብ ሳይነካ ይከፍላል? ከቻለ ፍጥነቱን ገትቶ ይንዳ። ካልቻለ ተካፉል ይፈልግ፤ ካጣ ከነጭራሹ አይግባ። ፍጥነት እንደሚጥም እናውቃለን፤ እኛም ወጣት ነበርን። የሰው ሐቅ ግን አንገት ላይ ይቀራል።

ተካፉል ነው የተባለ ውል ቢያገኝም፣ ስሙ ብቻ የተቀየረ አለና፣ ከመፈረሙ በፊት ለዓሊም ያሳየው። ወላሁ አዕለም።