ክስ እያለብሽ ፓስፖርት ማሳደስ
(ቤይሩት በማኅበራችን የእሁድ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ዛሬ የማነሳው ብዙዎቻችሁ ለብቻ ጠርታችሁ የምትጠይቁንን ነገር ነው፦ «ማዳም ከሳኛለች፤ ፓስፖርቴ ደግሞ ሊያልቅ ነው። ማሳደስ እችላለሁ ወይ? ባሳድሰውስ ክሱ ይነሳልኛል?»

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ክሱ በራሱ ፓስፖርት ከማሳደስ አያግድሽም። ፓስፖርት ማሳደስም ክሱን አያነሳልሽም። ሁለቱ ለየብቻ የቆሙ ፋይሎች ናቸው። ፓስፖርቱን የሚሰጠውም የሚያድሰውም የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ ለዜጋ ፓስፖርት መስጠት የቆንስላ ሥራ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የቪየና የቆንስላ ስምምነት ላይ ተጽፏል። ክሱ ግን ያለው ሊባኖስ ፖሊስና ፍርድ ቤት ዘንድ ነው። ቆንስላው ያንን ፋይል መዝጋት አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀረበብሽ ምን እንደሆነ እወቂ። «ቤት ጥላ ጠፋች» ማለትና «ሰረቀችኝ» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው አምን አልዓም ዘንድ የሚያዝ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ኢቃማሽን ያበላሻል። ሁለተኛው ወንጀል ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱ አንድ ላይ ይቀርባሉ። ታዲያ ይህን ለማጣራት ብለሽ ብቻሽን ፖሊስ ጣቢያ አትሂጂ። ጠበቃ ያጣራልሽ። ገንዘብ ከሌለሽ ካሪታስና ካፋ ለስደተኛ ሠራተኞች የሕግ እርዳታ ይሰጣሉ፤ እኛም እናገናኝሻለን።

ጠበቃው በስምሽ እንዲሠራ ውክልና ትሰጪዋለሽ። ካቲብ ዓድል ፊት ስትቀርቢ ደግሞ ማንነትሽን የሚያሳይ ሰነድ ትጠየቂያለሽ። ፓስፖርትሽ ጊዜው ካለፈ እዚያው በር ላይ ልትቀሪ ትችያለሽ። «ክሱ ይለቅና ከዚያ አሳድሳለሁ» የምትሉ ይህን ልብ በሉ። ክሱን የምትከራከሪበትም፣ ነፃ ስትወጪ አገርሽ የምትገቢበትም ያው ሰነድ ነው። ፍርድ ቤት ከለቀቀሽ በኋላ የጉዞ ሰነድ እስኪመጣ እስር ቤት መጠበቅን የመሰለ ምሬት የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ወደ ቆንስላ ከመሄድሽ በፊት የሚጠየቀውን ሰነድ በስልክ አረጋግጪ። መንገድ ላይ ሃጂዝ ሊኖር ይችላል፤ ኢቃማ ከሌለሽ ጠበቃሽን ወይም እኛን ሳታማክሪ አትነሺ፤ የምታምኛት ሰውም የት እንደምትሄጂ ትወቅ። ጉዳዩን የሚቀበለውን ሰው ክስ እንዳለብሽ ንገሪው። መደበቁ አይጠቅምሽም፤ ነገ ብትያዢ የሚደርስልሽ እሱ ነው።

ፓስፖርትሽ ማዳም ጋ ከሆነ «ማዳም ይዛዋለች» በይ። «ጠፋብኝ» ብለሽ ፖሊስ ዘንድ አታስመዝግቢ። አንደኛ እውነት አይደለም፤ ሁለተኛ ክስ ያለበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ በእግሩ መግባቱ ነው። የቤት ሠራተኛ ፓስፖርቷን ራሷ የመያዝ መብት እንዳላት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 189ኛው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ይናገራል። ሊባኖስ ስምምነቱን ባታጸድቀውም፣ ጠበቃሽ ፓስፖርቱን በደብዳቤ ሊጠይቅልሽ ይችላል።

አሁን ደላሎች የሚሸጡላችሁን ሦስት ወሬዎች ላንሳ።

«አዲስ ፓስፖርት አዲስ ቁጥር አለው፤ ክሱ አያገኝሽም» ይላሉ። ውሸት ነው። ክሱ የሚከተለው ሰውን ነው፤ ስምሽም አሻራሽም አለ። አሮጌውንም ፓስፖርት አትጣይው፤ ክሱ የተጻፈው በእሱ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ጠበቃሽ ይፈልገዋል።

«በሌላ ስም እናወጣልሻለን» ይላሉ። ይሄ ያልሠራሽውን ወንጀል ለማምለጥ እውነተኛ ወንጀል መሥራት ነው።

«ሊሴ ፓሴ ይዘሽ ውጪ» ይላሉ። ሊሴ ፓሴ ወደ አገር መግቢያ እንጂ ከክስ መውጫ አይደለም። አየር ማረፊያ ላይ ስምሽ ሲገባ ክሱ ይወጣል።

ማዳም «ይቅር ብያለሁ» ብትልም በአፍ ብቻ አትመኚ። በስርቆት ክስ ከማዳም መብት ሌላ የመንግሥት መብት የሚባል አለ፤ እሷ ብትተወው እንኳ ፋይሉ በራሱ ላይዘጋ ይችላል። መዘጋቱን የሚያሳይ ወረቀት በእጅሽ ይግባ።

ብትያዢስ? የሊባኖስ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 47 ዝም የማለት፣ ስልክ የመደወል፣ አስተርጓሚና ሐኪም የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሕጉ ሲሻሻል ጠበቃ ምርመራው ላይ አብሮሽ እንዲገኝ ተፈቅዷል። ፖሊስ የሚያቆይሽ 48 ሰዓት ነው፤ አቃቤ ሕግ ከፈቀደ ሌላ 48። በቪየናው ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረትም «ቆንስላዬ ይነገርልኝ» ማለት ትችያለሽ። ዓረብኛ ለኩሽና ቢበቃም ለምርመራ አይበቃም፤ አስተርጓሚ ጠይቂ። ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ። በወረቀት ያለው መብት ጣቢያ ውስጥ ሁልጊዜ አይከበርም፤ ቢሆንም ጠይቂ፣ ከከለከሉሽም ቀኑንና ሰዓቱን ያዢ፣ ለጠበቃሽ ይጠቅማል።

ከዚህ ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። የፓስፖርታችሁን፣ የኢቃማችሁንና የኮንትራታችሁን ፎቶ አንስታችሁ አገር ቤት ላለ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ፓስፖርቱ የሚያልቅበትን ቀንም አሁኑኑ እዩ። ለወንዶችም ነገሩ ያው ነው። ክስ ያለባችሁ በሰው ፊት መናገር ካልፈለጋችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ ኋላ ባለችው ክፍል እንጠብቃችኋለን። መከሰስ ጥፋተኛ መሆን አይደለም፤ አንገት አትድፉ።

ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።